ጀግናዬን ባሰጠምሁ ሰሞን

ዘንድሮ በሥዕል የማሳትመውን የጀግና ታሪክ እንደ አዲስ ከቁጥር አንድ ስጀምር፣ የድሮውን ጀግናዬን ጣና ውስጥ አሰጠምሁትና በሴት ጀግና ተካሁት። መልኩን የወሰድሁት ከታንኳ ቀዛፊው ከጋሼ ይሁኔ ነበር። ግማሹ አንባቢ አዲሷን ጀግና ወደዳት፤ ግማሹ ሲሰድበኝ ሰነበተ። ሦስት ወጣቶችማ ነጠላ አዘቅዝቀው ዘንዘልማ ካለው ቤቴ ድረስ ለጀግናው ለቅሶ መጡ። አብረን ሳቅን።

በማግስቱ የጋሼ ይሁኔ ባለቤት፣ እትዬ ውዴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጄ ላይ ቆሙ።

«እርስዎም አዘኑለት?» አልሁና ከት ብዬ ሳቅሁ። «ግድ የለም፣ በሚቀጥለው እትም ከውሃው አወጣዋለሁ።»

ገቡ እንጂ አልተቀመጡም። ግድግዳው ላይ የሰቀልሁትን የጀግናውን ሥዕል ብዙ ቆይተው አዩት።

«ይሁኔን ትናንት ውሃ በላው» አሉኝ። «ፎቶ የለውም። ለለቅሶው ይህን ሥዕል ስጠኝ ልልህ ነው የመጣሁ።»