በመኪና መስታወት አቧራ ላይ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ አንሶላ ማራገፍ ነበር። ካርቱም ዳርቻ፣ ሶባ ባለው ቤታችን ግቢ፣ የአቧራ ማዕበሉ ሐቡብ አልፎ ሰማዩ እንደ ሻይ ቀልቶ ሳለ፣ እሱ ሁለቱን ጫፍ፣ እኔ ሁለቱን ጫፍ ይዘን አራገፍን። አቧራው አፍንጫችን ገብቶ ሁለታችንንም አስነጠሰን። "አልሃምዱሊላህ፣ ገና አለን" አለና ሳቀ። በማግስቱ ታመመ፤ ከሆስፒታልም አልተመለሰም።

ያ ሽታ ዛሬም መስኮት በከፈትኩ ቁጥር ወደተገናኘንበት ሰፈር፣ ወደ አል-ማንሺያ ይወስደኛል። ያኔ ከተማዋ ሰላም ነበረች። እኔ ከወሎ መጥቼ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ እሱ የጎረቤቱ ግቢ ዘበኛ። ዓርብ ዓርብ ሁለታችንም ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር እንግሊዝኛ እንማር ነበር፣ እሱ ላይኛው ክፍል፣ እኔ ታችኛው። በሙቀቱ ወራት ትምህርቱ ሲዘጋ አስተማሪያችን ስንመለስ ንባብና ጽሕፈት እንደሚፈትነን፣ የረሳ ሰው የነበረበትን ክፍል እንደሚደግም ነገረን። ለእኔ ነገሩ ከባድ ነበር። ላይኛውን ክፍል ከገባሁ አንድ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያው ላይ ሊያሠራኝ ቃል ገብቶልኛል። በሰው ቤት ግን ከንጋት እስከ ማታ የምሰማው ዓረብኛ ብቻ ነው። የተማርኩት ሁሉ ቀስ በቀስ ሲሸሸኝ ይታወቀኝ ጀመር።

በር ላይ ቆመን እንዳናወራ ሰፈሩ ወሬኛ ነው። መላ ያገኘው እሱ ነው። ከግቢው ውጭ ከኒም ዛፉ ሥር የሚያድረውን የአሠሪውን መኪና በየጠዋቱ ያጥባል። የኋላውን መስታወት ግን ለመጨረሻ ይተወውና አቧራው ላይ በጣቱ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ይጽፋል። ዳቦ ልገዛ ስወጣ አነበዋለሁ፤ ስመለስ መልሱን ከሥሩ እጽፋለሁ። የተሳሳትኩትን አስምሮበት፣ እኔ ከበራችን ማየቴን አረጋግጦ፣ ከዚያ ባልዲውን ያነሳል። ውሃው መስታወቱ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ድምፅ ቀኔን ሙሉ ደስ ሲያሰኘኝ ይውል ነበር።

አንድ ቀን በምሠራበት ቤት የማልወደው ምግብ የቱ እንደሆነ ጠየቀኝ። የአሠሪዬን የማዳምን ባሚያ እንደማልወድ፣ ጨው እንደምታበዛበት፣ በሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር መለስኩ። ኮርቼም ነበር። የዚያን ዕለት ግን አሠሪው፣ ሙዲር የምንለው ሰውዬ፣ ያለ ሰዓቱ ተነሳና መኪናው ከነጽሑፉ ሄደ። ባለቤቴ በነጠላ ጫማ እስከ አስፋልቱ ሮጠ፤ አልደረሰበትም። የሙዲሩ ሚስትና የእኔ ማዳም ደግሞ የልብ ወዳጆች ናቸው። ሽንኩርት እየከተፍኩ በሐሳቤ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሙዲሩ ሲመለስ በአጥሩ በኩል አዳመጥኩ።

"ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ይህን የጻፈው ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሙዲር።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አንተን ደግሞ ማን ባሚያ አብልቶህ ያውቃል?"

ሙዲሩ እስኪያስለው ሳቀና "ያላ፣ እጠበው" ብሎ ወደ ቤት ገባ።

እንጀራውን ሊያጣ ይችል ነበር። ስሜን ቢጠራ ደግሞ እሱን ምንም አይነካውም ነበር፤ እሱ ግን የሰውን ጭነት ተሸክሞ ምንም እንዳልያዘ የሚራመድ ሰው ነበር። አብረን በኖርንበት ዘመን ያንን ቀን እንደ ውለታ አንድም ጊዜ አላነሳብኝም። በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ላይ አዲስ ጥያቄ ጠበቀኝ፤ ስለ አየሩ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ወደ ላይኛው ክፍል አለፍኩ፤ ክሊኒኩም ቃሉን ጠበቀ። እሱ ግን እንዲደግም ተደረገ። ዕረፍቱን ሙሉ ሲጽፍ የከረመው ለእኔ የሚመጥነኝን ብቻ ነበርና የራሱ ትምህርት ጠፍቶበት ነበር። አግዳሚው ላይ አጠገቤ መጥቶ ሲቀመጥ፣ "ወደቅክ እኮ" አልኩት።

"የት እንዳረፍኩ አታዪም?" አለኝ።

አውቆ ይሁን ረስቶ የወደቀው፣ ብዙ ጊዜ ጠይቄው አልነገረኝም።

አሁን ጠዋት ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ አንድ ገጽ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ከዚያ አንድ ጥያቄ እጽፋለሁ፤ መልሱንም እኔው እጽፈዋለሁ።