ድንኳን የሚተከልበት ግቢ

ቤት ልገዛ በዞርኩበት ሰሞን ደላላው ስለ ካርታው፣ ስለ ውሃ መስመሩና ስለ አስፋልቱ ያወራኛል፤ እኔ ግቢው መሃል ቆሜ በዓይኔ ድንኳን እተክላለሁ። ምሰሶው እዚህ፣ ካስማው እዚያ፣ የወንዶቹ አግዳሚ በዚህ በኩል። ካልበቃኝ "ሌላ እንይ" እላለሁ። ደላላው ምክንያቴን አያውቅም። ወልቂጤ ውስጥ ያለ ቤት የማይመጥናት ኩሩ አስተማሪ ናት ብሎ ነው የያዘኝ።

ምክንያቴ ባሌ ነው። ባሌ የሞተው ተከራይተን በምንኖርበት ቤት፣ ታይል በተነጠፈበት ግቢ ውስጥ ነው። አከራያችን ክፉ ሴት አይደለችም። አስከሬኑ ገና ከቤት ሳይወጣ እጄን ያዘችና "እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። ድንኳኑን ግን ሌላ ቦታ ብታደርጉት፤ ካስማው ታይሉን ይሰባብረዋል" አለችኝ። እኔም "ልክ ነሽ" አልኳት። አሁን ሳስበው ያን ቀን የተናገረው የሌላ ሰው አፍ ይመስለኛል። እድርም አልነበረንም። ቤት ስንገዛ በዚያው ሰፈር እድር እንገባለን እያልን ስናራዝም ኖርን፤ ቤቱም ሳይገዛ እሱ ሞተ።

ወንድሙ መጥቶ ቡታጅራ ወሰደው። የተቀበረውም የተለቀሰለትም እዚያ ነው። ድንኳኑ የወንድሙ እድር፣ ለቀስተኛው የወንድሙ ጎረቤት። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ግን መጀመሪያ "ለሟች ምኑ ነሽ?" ብለው ጠይቀው ነው የሚያጽናኑኝ። "ሚስቱ" እላለሁ። ይደነግጣሉ፣ ከንፈር ይመጥጡልኛል፣ ወደሚያውቋቸው ሰዎች ይመለሳሉ። አርባውም እዚያው ወጣ። በባሌ ተዝካር እንግዳ ሆኜ፣ የቋጠሩልኝን ዳቦ ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ከጎረቤት ግቢ ያለች ተከራይ በር ላይ አገኘችኝና "ባለቤትሽ ጠፋ፤ መስክ ወጣ እንዴ?" አለችኝ። "ሞተ" አልኳት። እሷ አለቀሰች። እኔ ወጡ እንዳያርብኝ ብዬ ገባሁ።

እንዲያ ነበርኩ። አስተምራለሁ፣ ፈተና አርማለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ሰው ደህና ነሽ ሲለኝ ደህና እላለሁ፤ ውሸቴንም አልነበረም። ሲቀመጡበት የደነዘዘ እግር አያምም፤ የሚያመው ደም ሲመለስለት ነው። የእኔ አልተመለሰም ነበር። አንዳንዴ ባሌን ለማስታወስ ብዬ ሸሚዙን አወጣለሁ፣ አየዋለሁ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ።

ሙት ዓመቱ ሲቃረብ ወንድሙ ደወለ። "እዚሁ እናድርገው፣ አንቺ ምንም አትቸገሪ" አለኝ።

"አይ፣ እኔ ጋ ነው የሚሆነው" አልኩት።

"የት አንቺ ጋ?" አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ግራ ገብቶት ነው የጠየቀኝ።

በማግስቱ ቤት ፍለጋ ወጣሁ። ሁለታችን ለቤት ብለን ያስቀመጥናት ብር እንዳለች ነበረች፤ የሚያሰናክል ነገር ቢኖር ቦታው እንጂ ብሩ አልነበረም።

ደላላው ልጁን ያስተማርኩለት ሰው ነው። ባጃጅ አለው፣ አፉ ቅቤ ነው። መጀመሪያ የወሰደኝ ጉብሬ ነው። "ቲቸር፣ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ማለት እኮ ግድግዳው ራሱ ደሞዝ ይከፍልሻል" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ግቢው በሙሉ ክፍል በክፍል ተሠርቶ ለተማሪ ተከራይቷል። ከመግቢያው እስከ ሽንት ቤቱ ያለው ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መተላለፊያ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ ልብስ ተሰጥቶበታል።

"እዚህ ሰው ቢሞት በየት ይወጣል?" አልኩት።

"ተማሪ ይመረቃል እንጂ አይሞትም፣ ቲቸር" አለ። እሱ ሳቀ፤ እኔም የሳቅኩ መሰለኝ።

ቀጥሎ ከመናኸሪያው ጀርባ ወሰደኝ። ያረጀ የጭቃ ቤት ነው፣ ግቢው ግን ሰፊ ነው፤ ድንኳኔን በዓይኔ ተክዬ ጨርሼ ነበር። ወጥቼ ፊት ለፊት ያለውን ባለሱቅ "የዚህ ሰፈር እድር ጥሩ ነው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ኧረ እዚህ ማን ያድራል እህቴ? ሁላችንም ማታ ዘግተን ነው የምንሄደው" አለኝ። ድንኳኑን ነቀልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ወደ አዲሶቹ ፎቅ ቤቶች ወጣን። አጥሩ የሰው ቁመት እጥፍ ነው፣ ጫፉ ላይ ጠርሙስ ተሰክቶበታል። በየበሩ የተቀበለን ውሻ ብቻ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ የቅርቡ እንዲህ ከሆነ ቡታጅራ ምን አጠፋ?

ደላላው ያን ቀን ትዕግሥቱ አለቀ። "ቲቸር፣ ቁርጡን ንገሪኝ። ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ሰፊ ግቢ።"

"ላም ልታረቢ ነው?"

"ድንኳን ልተክል።"

"ሰርግ አለ በይኛ!" አለ ፊቱ ፈክቶ።

"የባሌ ሙት ዓመት ነው።"

ባጃጁን አስነሥቶ ነዳ። ከዚያ በኋላ ስለ አስፋልት አላወራኝም።

በሳምንቱ በጅማ መውጫ በኩል፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ ሰፈር ወሰደኝ። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ከየቤቱ ጀርባ እንሰት ይታያል። ሻጩ አዲስ አበባ ልጃቸው ጋ ሊገቡ የተነሡ ሽማግሌ ሀጂ ናቸው። ገና ሳንደርስ ደላላው ባጃጁን አቆመ።

"ሌላ ቀን እንምጣ።"

"ምነው?"

"ጎረቤት ለቅሶ አለ። ላንቺ ደግሞ አይሆንም፣ ቲቸር፤ ይቅርብሽ።"

ወረድኩ። ድንኳኑ ከጎረቤት ግቢ ይጀምርና የሚያልቀው በሚሸጠው ቤት ግቢ ውስጥ ነው። በሁለቱ መሃል የነበረው የቆርቆሮ አጥር ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። የዳር ካስማዎቹ የሀጂ ቃሪያ መደብ ውስጥ ገብተዋል። ደላላው ሀጂን ወደ ጎን ወስዶ ሲያጉረመርም ሰማሁት።

"ገዢ ይዤ እንደምመጣ ነግሬዎት አልነበረም? ቢያንስ አጥሩን..."

"ሰው በዛባቸው፣ ግቢያቸው አልበቃ አለ" አሉ ሀጂ። "ቤቱ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። ሰውዬው ግን አንዴ ነው የሞተው።" ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "ልጄ፣ አፉ በይኝ። ክፍሎቹ ክፍት ናቸው፣ ግቢና እዪ። አጥሩንም መደቡንም እንደነበረ አድርጌ ነው የማስረክብሽ" አሉኝ።

"አጥሩን አይንኩት" አልኳቸው።

ክፍሎቹን አላየሁም። ስንት እንደሆኑ ያወቅኩት ዕቃዬን ሳስገባ ነው። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩና ወደ ድንኳኑ ሄድኩ። ለቅሶ እያዩ ማለፍ ነውር ስለሆነ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። የሴቶቹ አግዳሚ ዳር ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ልጅ ንፍሮ መዳፌ ላይ አፈሰሰችልኝና ሄደች። የሞቱት ሰውዬ አናጢ እንደነበሩ፣ ትናንት እንደተቀበሩ ከወሬው ሰማሁ። ከፊት አንዷ ሙሾ አወረደች፤ ሴቶቹ ተከተሏት። ሁሉም ለየራሱ ሙት እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። እኔም እንባዬን ጠበቅኩት። አልመጣም፤ አፈርኩ። ንፍሮውን አንድ አንድ እያልኩ መብላት ጀመርኩ።

አጠገቤ ያሉት እናት አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉና አዩኝ። "ልጄ፣ ለሟች ምናቸው ነሽ?" አሉኝ።

ቡታጅራ ትዝ አለኝ። እውነቱ "ምናቸውም አይደለሁም" ነበር።

"ጎረቤት ነኝ" አልኳቸው።

"የትኛዋ ጎረቤት?"

"እዚህ ነው ቤቴ። አጥሩ የተነሣበት።"

የተነቀለውን ቆርቆሮ አዩ፤ መልሰው እኔን አዩ። ደላላው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር፣ ሰምቷል። እሳቸው ክንዴን ያዙና "ታዲያ አንቺም ሀዘንተኛ ነሽ። ለምን እንደ መንገደኛ ዳር ትቀመጫለሽ?" ብለው ወደ ፊት ሳቡኝ። ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ አሉልኝ። መሃላቸው ተቀመጥኩ።

ያኔ አለቀስኩ። ለማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀኝም።