እሺ የሚለው ቁልፍ

ለባለሱቆች የስልክ አፕ እሠራለሁ። ከአገር ውጭ በምንኖርበት ከተማ፣ ኪሰንዪ በሚባለው ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡት የወሎዋ እትዬ ዘሃራ በየሳምንቱ እየደወሉ «ልጄ፣ ያ ነገርህ ተበላሸ» ይሉኛል። ስሄድ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሴቲንጉ ተቀያይሮ አገኘዋለሁ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሲሠሩ አየሁ። እጃቸው ሳያስቡት ሴቲንጉን ነካና «ቋንቋው ወደ ስዋሂሊ ይቀየር?» የሚል ጥያቄ መጣ። ወዲያው «እሺ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። አማርኛው ጠፋ።

«ስዋሂሊ ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«ምን ሊያደርግልኝ?»

«ታዲያ ለምን እሺ አሉት?»

እንደ ሞኝ አዩኝ። «እሺ ካላልኩት መቼ ይሄድልኛል? አንተስ እሺ ያልከውን ሁሉ ታደርጋለህ?»

አማርኛውን መለስኩላቸው። ሁለት ሳምንት ለፍቼ «እሺ»ን ከየቦታው አወጣሁና «ቀይር» እና «እንዳለ ይቆይ» የሚሉ ቁልፎች ተካሁበት። ወስጄ ሳሳያቸው ቀስ ብለው አንብበው «እንዳለ ይቆይ»ን ተጫኑ። እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

«እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ይጠቀሙ» አልኳቸው።

«እሺ» አሉኝ ፈገግ ብለው።

በቦዳ ሞተር ተሳፍሬ እኔ የምኖርበት ቡኮቶ ሰፈር እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ከሞተሩ ስወርድ ግን ያ «እሺ» ትዝ አለኝ።