ሁለት ቡራኬ ለአንድ ልጅ

እየሩስ ሲግናል አካባቢ ከእናቷ ከወይዘሮ አገርነሽ ጋር ትኖራለች። በሲቪል ምህንድስና ከተመረቀች ዓመት አልፏታል፤ ሥራ ግን አላገኘችም። በዚህ ሰሞን ሁለት የእጩ መኮንንነት ማስታወቂያዎች ተከታትለው ወጡ፤ አንዱ የመከላከያ፣ ሌላው የፌደራል ፖሊስ። ሁለቱም ዲግሪ ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም በሩጫ ይፈትናሉ፣ ሁለቱም ዋናውን የትምህርት ማስረጃ ተቀብለው ያስቀራሉ። ማስረጃው አንድ ነው። ሁለቱም ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል።

እየሩስ ጠዋት ጠዋት ከጎረቤቷ ከሰኚ ጋር በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ትሮጣለች።

«ዛሬስ ምንድን ነሽ?» አለቻት ሰኚ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመው ትንፋሽ ሲሰበስቡ።

«ወታደር።»

«ትናንት ፖሊስ ነበርሽ እኮ! ነገ ደግሞ ትራፊክ ሁኚና ዕረፊው።»

እየሩስ ሳቀች፤ ነገሩ ግን እውነት ነበር። ዳገቱን ስትወጣ መከላከያ ይሻላል ትላለች። እዚያ የምህንድስና ክፍል አለ፣ ድልድይ ይሠራል፣ የተማረችው ሜዳ ላይ አይቀርም። ቁልቁል ስትወርድ እናቷ ብቻቸውን መቅረታቸው ትዝ ይላትና ለቤት የሚቀርበው ፌደራል ይሻላል ትላለች። ሰፈር ስትደርስ ደግሞ የሰኚን ወንድም ታስባለች። እሱ ፌደራል ነው፤ ያም ሆኖ ሁለት ፋሲካ ቤቱ አልመጣም። ከተማ ውስጥ ሲመደብ ደግሞ ሰው በተሰበሰበበት ይቆማል፤ አንድ ቀን ሰልፍ ሊበትን ዱላውን ይዞ ቆሞ ሳለ ከፊቱ ያገኘው አብሮት የተማረ ልጅ ነበር። ይህን ሲያወራ ሁሌም እዚህ ላይ ያቆማል፤ ቀጥሎ የሆነውን ነግሯቸው አያውቅም።

ቤት ውስጥ ግን እንዲህ የሚያመነታ አልነበረም። ወይዘሮ አገርነሽ ፖሊስ ሲባል የሚታያቸው መገናኛ አደባባይ ቆሞ ውሎ ማታ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው። ወንድማቸው ሻምበል ይድነቃቸው ደግሞ በጡረታ ከሠራዊቱ ከወጡ በኋላም ጫማቸውን በየቀኑ የሚወለውሉ ናቸው።

«ፖሊስ ግማሽ ወታደር ነው» አሉ ሻምበሉ። «ግማሽ ከምትሆኚ ሙሉውን ሁኚ።»

«ሙሉውን ሆነህ ያመጣኸውን ጉልበት አይቼዋለሁ» አሉ እህታቸው። «ደረጃ በወጣህ ቁጥር የምታቃስተው ለጌጥ ነው?»

ማክሰኞ ማታ ወይዘሮ አገርነሽ ነገሩን ቆረጡት። የቤተሰቡን የንስሐ አባት፣ እንጦጦ ላይ ያሉትን አባ ወልደ ሐዋርያትን አማክረው መጥተዋል። «አባ ፌደራሉን ባርከውታል» አሉ። በዚያ ቤት አባ መስቀላቸውን ያሳረፉበት ነገር ለክርክር አይቀርብም። ረቡዕ ግን ሻምበሉ እያነከሱ ገቡ። «ከአባ ዘንድ ነው የመጣሁት። መከላከያን ባርከውታል።»

ሐሙስ እየሩስ ራሷ ወደ እንጦጦ ወጣች። አባን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ የትኛውን ነው ግቢ ያሉት?»

«እኔ? እኔ ምን አገባኝ?» አሉ። «እናትሽ መጥታ ልጄ ፌደራል ልትገባ ነው አለችኝ። እግዚአብሔር ይጠብቃት አልኩ። በማግስቱ ይድነቃቸው መጣና መከላከያ ልትገባ ነው አለ። ሐሳቧን ለውጣለች ብዬ አሁንም እግዚአብሔር ይጠብቃት አልኩ። አይጠብቃት ልበል?»

«ታዲያ ለእርስዎ የትኛው ይሻላል?»

«ልጄ፣ እኔ ወታደሩንም ፖሊሱንም የማውቀው ንስሐ ሊገባ ሲመጣ ነው። ሁለቱም ያለቅሳሉ።» «አንቺ ምን ብለሽ መጣሽ?»

እየሩስ ልትጠይቅ እንጂ ልትናገር አልመጣችም።

«መከላከያ ብልስ?»

«‹ብልስ› ነው ወይስ ‹እላለሁ›?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያው ስታውቂ ነይ።»

«አባ፣ ነገ ይዘጋል እኮ!»

«እሱን ለዘጊዎቹ ንገሪያቸው» አሉና ሳቁ። ግንባሯን በመስቀል ዳሰሱላት፤ የየትኛው ቡራኬ እንደሆነ ግን አልተናገሩም።

ቤት ስትደርስ እናቷም አጎቷም ተቀምጠዋል። አባ ሁለቱንም መባረካቸውን ነገረቻቸው።

«ሄደህ አሳሳትካቸው!» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ።

«ቀድሞ የሄደው ማን ሆነና ነው?»

እየሩስ ከመሃላቸው ተነሥታ ቁም ሣጥኑን ከፈተች፤ ማስረጃውን አወጣች። ጭቅጭቁ አልቆመም፤ ያያትም የለም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ማስረጃዋን ለመከላከያ መዝጋቢ ሰጠች። እስከ በሩ ድረስ የሰኚ ወንድም ወሬውን የሚያቆምበት ቦታ ከሐሳቧ አልወጣም ነበር። ወታደርስ እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመውም ያለው ማነው? ይህንንም አስባዋለች። መዝጋቢው ማስረጃውን ተቀብሎ የሚቀጥለውን ሰው ጠራ።

ወጥታ ደወለች።

«እማ፣ ለመከላከያ ሰጠሁት።»

«ቆረጥሽ ማለት ነው?»

«አልቆረጥኩም። ግን ሰጠሁት።»

ወይዘሮ አገርነሽ ስልኩን አልዘጉም። ለወንድማቸው ሲነግሯቸው ይሰማል። ከዚያ የሻምበሉ ድምፅ መጣ፤ ደስታ የለበትም።

«እስቲ ጠይቂያት» ይላሉ፤ «የት ነው የሚልኳት?»