ሚዛን ላይ ያልወጣው ዓሣ

ኔልዳ ክሪብስ ያደገችው መረብ ሲጠገን እያየች ነው። አባቷ በፍሎሪዳ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሸል ቤንድ በምትባል መንደር፣ በመረብ እያጠመደ አምስት ልጆች አሳድጓል። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሞላት መረቡ በሕግ ታገደ። "ዓሣውን የጨረሳችሁት እናንተ ናችሁ" ተባሉ የመረብ አጥማጆቹ። አባቷ መረቡን ጓሮ ከመረውና ከዚያ ወዲያ ባሕር አልወረደም። ኔልዳ ግን ጀልባውን ቀለም ቀብታ፣ በመንጠቆ ለመዝናናት የሚመጡ እንግዶችን ዓሣ ወዳለበት መውሰድ ጀመረች።

በጀልባዋ ላይ የተያዘ ዓሣ ሁሉ ይመለሳል። ወደ ኋላ የዞረውን የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ትደፈጥጠዋለች፤ ሲነቀል ሥጋ እንዳይቦጭቅ። እጁ ያልረጠበ ሰው ዓሣ አይነካም፤ ደረቅ እጅ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፈዋልና። በመንጋጋው ማንጠልጠል ክልክል ነው፤ ሆዱ ከሥር ይደገፋል። ፎቶ የሚነሳ እንግዳ ትንፋሹን እንዲይዝ ይታዘዛል፤ እሱን አየር ሲያጥረው ዓሣውንም አጥሮታል ማለት ነው። ያጉረመረመ እንደሆነ፣ "ልመልስህ? ወደቡ ላይ ሌላ ጀልባ ሞልቷል" ትለዋለች። ሁለት እንግዶችን እንዲህ ብላ መልሳለች።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ የመንደሩ ውድድር ይካሄዳል። አዘጋጁ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሮስኮ ነው። ተወዳዳሪው ጅራቱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበትን ቀይ ዓሣ በጀልባው ገንዳ ውስጥ በሕይወት አምጥቶ ያስመዝናል፤ ከዚያ ዓሣው ከወደቡ ላይ ይለቀቃል። ሮስኮ በድምፅ ማጉያ "ሁሉም በሰላም ወደ ቤታቸው ገቡ" ሲል ሕዝቡ ያጨበጭባል። ኔልዳ ግን በየዓመቱ በማግስቱ በወደቡ አጠገብ ባለው ድልድይ ሥር ስታልፍ፣ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ የባሕር ወፎች የሞቱ ዓሦች ላይ ሲራኮቱ ታያለች። ለሮስኮ ሁለት ጊዜ ነገረችው፤ ሁለቴም ሳቀባት።

መረብ በታገደ በሃያኛው ዓመት ራሷ ተመዘገበች። አብራት የወጣችው ሎይስ ሃርግሬቭ ነበረች፤ ከጆርጂያ በየበጋው የምትመጣ ጡረተኛ አስተማሪ። ረፋዱ ላይ የሎይስ ዘንግ ጎበጠ። ኔልዳ ጠንካራ ክር ስለምትጠቀም ትግሉ ብዙ አልቆየም፤ ዓሣው ሳይዝል ጀልባው ጥግ ደረሰ። በረጠበው መለኪያ ጣውላ ላይ ሃያ ስድስት ኢንች ተኩል ወጣው፤ ለመያዝ ሕጉ ከሚፈቅደው የርዝመት ጣሪያ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

"ይሄ እኮ ዋንጫ ነው" አለች ሎይስ።

"ነው። ፎቶውን አንሺ።"

"ኔልዳ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ገንዳ ውስጥ እናቆየውና..."

"በዚህ ሙቀት ስድስት ሰዓት ሙሉ? አንቺ ትቆዪያለሽ?"

መንጠቆው ወደ ጉሮሮው ጠልቆ ስለነበር ልትጎለጉለው አልሞከረችም፤ ክሩን አፉ ጥግ ቆረጠችው። አካባቢው ላይ የደከመ ዓሣ የሚነጥቅ ዶልፊን አለመኖሩን አይታ፣ ዓሣውን አፉን ወደ ሞገዱ አዙራ ያዘችው። ጅራቱ ሲበረታ ራሱ ከእጇ ወጣ። ሎይስ እስከ ወደቡ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታት ተቀመጠች።

"ዓሣው የታለ?" አለ ሮስኮ ሚዛኑ አጠገብ።

"ባሕር ውስጥ።"

"ፎቶ አይመዘንም፣ እህቴ።"

"የሚሞት ዓሣስ ይመዘናል?"

"ሰው እያየ ነው በሕይወት የምንለቃቸው።"

"ሰው ከሄደ በኋላስ አብረሃቸው ታድራለህ?"

ሮስኮ ማጉያውን አነሳ። "ወገኖቼ፣ የወንድሜ ሚስት ዘንድሮ ዓሣዋን በወሬ ልታስመዝን መጥታለች።" ወደቡ በሳቅ ተሞላ።  ያን ጊዜ ሎይስ የኔልዳን ክንድ ያዘችና፣ "ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?" አለቻት።

በማለዳ ሁለቱ በድልድዩ ሥር እየዞሩ ሞተው የተንሳፈፉትን ዓሦች ለቀሙ። ከተመዘኑት አርባ አንድ ዓሦች አሥራ ዘጠኙን አገኙ። በዚያው ጠዋት በተዘጋጀው የሽልማት ቁርስ ላይ ሰው ፓንኬክና ቋሊማ እየበላ ሳለ፣ ኔልዳ ዋንጫዎቹ በተደረደሩበት ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ በአንድ አጋደመቻቸው።

"አንሺው ይሄን፣ ሰው እየበላ ነው" አለ ሮስኮ።

"ትናንት ስታስጨበጭብላቸው ነበር፤ ዛሬ ምነው አስጠሉህ?" ከዚያ ወደ ተቀመጠው ሰው ዞረች። "የአባቴን መረብ ዓሣ ጨረሰ ብላችሁ አገዳችሁት። አባቴ የገደለውን በልቶታል፣ ለጎረቤትም አብልቷል። ይሄን ማን ይበላዋል?"

 ከውድድሩ ዕድሜ ልኳን ታገደች። ሁለት ሳምንት ስልኳ አልጮኸም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከጎኗ የሚቀመጥ ጠፋ። አንድ ሌሊት ቤቷን ሸጣ ስለመሄድ እንዳሰበች ለሎይስ ብቻ ነግራለች። ጠዋት ላይ ግን ጣውላ ገዝታ፣ መለኪያ ሠርታ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ቀን የራሷን ውድድር እንደምታደርግ ማጥመጃ ሱቁ በር ላይ ለጠፈች። ዓሣው እዚያው በተያዘበት ይለካል፣ ይለቀቃል፤ ወደቡ ላይ የሚመጣው ፎቶው ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ጀልባ መጣ። በአራተኛው ሃያ ስድስት፤ ሮስኮ ጋ አሥራ አራት ቀሩ። በአምስተኛው ዓመት የሮስኮ ውድድር ቀረ፤ ራሱም ኔልዳ ጋ ለመመዝገብ ሰልፍ ይዞ ቆመ።

"የማትመዘግቢኝ ከሆነ ካሁኑ ተናገሪ።"

"መንጠቆህን አምጣ።" ሳጥኑን ከፍታ አየችና ፒንሳውን ዘረጋችለት። "ጥርሳቸውን ደፍጥጥ። አንድም እንዳይቀርህ።"

"እዚሁ? ሰው ፊት?"

"እኔም ሰው ፊት ነው የተሳቀብኝ።"

ሮስኮ ቁና ቁና እየተነፈሰ አንድ በአንድ ደፈጠጣቸው። ከኋላው የቆሙት ሃያ ምናምን ሰዎች ጠበቁት፤ የሳቀ ግን አልነበረም። ሲጨርስ ኔልዳ ስሙን ጻፈች። ያን ቀን ሰባተኛ ወጣ። ባመጣው ፎቶ ላይ እጁ ረጥቧል፣ የዓሣው ሆድ ተደግፏል፣ የሮስኮ ጉንጭ ደግሞ ትንፋሹን እንደያዘ ሰው ተነፍቷል።