ስለ ውዱ ፓኬጅ

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። የልጅ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር የምትገናኝበትን የኮምፒውተር ዓለም የሚያከራየን ሰው፣ «ውዱ ይሻላል ወይ?» ስንለው «ይሻላል» ብሎ ሸጠልን፤ ዓለሙም ከርካሹ ባሰ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም እስከ አምና አላውቀውም ነበር። የልጅ ልጄ አሰላ እኔ ዘንድ ሆና ነው የተማረችው። ከጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ቤቴን ተከራይተው አብረዋት ይማሩ የነበሩት ሦስት ልጆች ከመልቀቂያ ፈተናው በኋላ ወደየአገራቸው ተበተኑ፤ አንዷ ሁሩታ፣ አንዷ ዲክሲስ፣ አንዷ ጢቾ። የእኔዋ ፈተናው አልሆነላትም። ከቤት መውጣት ተወች። የሚያስቃት ነገር ቢኖር ከእነሱ ጋር ኮምፒውተር ውስጥ የሠሩት መንደር ብቻ ነው። እዚያ ቤት ይሠራሉ፣ ገብስ ይዘራሉ፣ ፈረስ ይጋልባሉ። መንደሩ እንዳይጠፋ ሰርቨር የሚባል ሩቅ ያለ ማሽን ላይ በየወሩ ቦታ ይከራዩለታል። ኪራዩን ፓኬጅ ይሉታል፤ ርካሽም ውድም አለው፣ የእኛ ርካሹ ነበር። ተከራይዋ የእኔዋ ስለሆነች፣ ሲበላሽ የምትወቀሰውም እሷ ናት።

መበላሸቱ አልቀረም። ፈረሱ አንድ እግሩን እንዳነሣ ይቀራል። በር ቢያንኳኩ የሚከፈተው ሰው ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ ነው። የዲክሲሷ ልጅ ምላሷ ስለት ነው፤ «ባለርስቷ! መንደርሽ ደንዝዟል፣ ሐኪም ጥሪለት!» እያለች ትስቅ ነበር። ኋላ ሳቁም ቀረ። የጢቾዋ የሌላ ሰው መንደር መግባት ጀመረች፤ እኛ ዘንድ በምትገባበት በዚያው ስልክ፣ በዚያው ኔትወርክ፣ እዚያ ሁሉም ነገር ልስልስ ብሎ ይሄድላታል። ስለዚህ ኔትወርኩን ረግመን መገላገል አልቻልንም።

«እማማ፣ እነሱ ከሄዱ እኔ ማን አለኝ?» አለችኝ የልጅ ልጄ።

አከራዩ አዲስ አበባ ያለ ወጣት ነው፤ ብር በስልክ ተቀብሎ ውጭ አገር ላሉት ይከፍልልናል። ደወልኩለት።

«ውዱ ይሻላል ወይ ልጄ?»

«በጣም እንጂ እናቴ!»

ለፋሲካ የማደልበውን በግ ሸጬ ውዱን ገዛን። ብዙ ሰው ይይዛል የሚል ተጽፎበታል። በእኛ ወግ ድንኳን ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ግማሹ ባዶ ከቀረ ለደጋሹ ውርደት ነው፤ መንገደኛም ቢሆን ተጠርቶ ይቀመጣል።

«የተከፈለበት ቦታ ለምን ባዶ ይቀራል? የክፍልሽን ልጆች ጥሪ። የአጎትሽንም ልጆች።»

«እማማ፣ ሠርግ እኮ አይደለም።»

«ቤት ሲሞቅ የሸሸም ይመለሳል። ጥሪ!»

ጠራች። ቅዳሜ ከገበያ መልስ በየስልካቸው መንደሩ ገቡ፤ የጢቾዋም ሳትቀር። መንደሩ ጢም አለ፣ የልጅ ልጄ ፊት በራ። ጥቂት እንደቆዩ ሁሉም ባሉበት ቀጥ አሉ። እጁን እንዳነሣ የቀረ አለ፣ አየር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ አለ። ድምፃቸው ብቻ ይሰማል።

«አኮ አሉ እንዴ?» አለች የዲክሲሷ። እኔን አያቴ ስትል በኦሮምኛ ነው።

«አለሁ።»

«እንግዳውን ሁሉ ሐውልት አደረጉት እኮ!»

ማንም አልሳቀም። እየተሰናበቱ ወጡ፣ አንዳንዱ ሳይሰናበትም። የጢቾዋ «በቃ፣ እኔ አልመለስም» ብላ ወጣች። ሰው ሲያልቅ ፈረሱ እግሩን አወረደና መሄድ ጀመረ። የልጅ ልጄ ኮምፒውተሩን አልዘጋችም፤ ባዶውን መንደር ታያለች።

ነጋዴ ስንዴ ከእንክርዳድ ቀላቅሎ ቢሸጥልኝ ጆንያውን ገበያ መሀል እዘረግፈው ነበር። ይህን የት ወስጄ ልዘርግፈው? ለዳኛ ብናገርስ ዳኛው ምን ያያል፣ ቆሞ የቀረ ፈረስ? ወጣቱ ስልክ አላነሣም አለ። በጎረቤት ስልክ ስደውል አነሣ።

«እናቴ፣ ከዚህም ከፍ ያለ ፓኬጅ አለ…»

«አልጠየቅኩህም! ይሻላል ብለህ ሸጥክልኝ። በምኑ ነው የሚሻለው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

 

«በሚያስገባው ሰው ብዛት ነው እናቴ» አለኝ። «የሚያንቀሳቅሰው ማሽን ያው የርካሹ ነው።»