ሾፌሮቹ ለቀስቴ የገዙት ዕቃ

ሴት ልጅ ቀስት ይዛ አጋዘን ታድናለች ሲባል የሚስቅ ካለ ከአሁኑ ይሳቅና ይጨርስ፤ እኔ የምነግረው አለኝ። አደን የጀመርኩት በንዴት ነው። አትላንታ አጠገብ፣ ኖርክሮስ ቤት የገዛሁ ጊዜ ጓሮ የተከልኩትን ጎመን አጋዘኖች እየመጡ ሙልጭ አድርገው በሉብኝ። አጥር ብሠራ ዘለሉት፤ ሳሙና ብሰቅል፣ በርበሬ ብበትን ከቁም ነገር አልቆጠሩኝም። ጡረታ የወጣች አንዲት አሜሪካዊት ጎረቤት ነበረችኝ። ጠዋት ጠዋት ከጎመኔ ጋር ስነጫነጭ ሰምታ፣ "ከምትሳደቢ ለምን አታድኚም?" አለችና ጫካ ይዛኝ ሄደች። በኋላ ወደ ፍሎሪዳ ስትዛወር ቀስቷን ለኔ ትታልኝ ሄደች። እግዜር ይስጣት፣ ባለችበት ደህና ትሁን።

ቀስቱ ኮምፓውንድ የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለቱም ጫፍ ላይ መዘውር አለው። ገመዱን ስትስቡት መጀመሪያ ይታገላችኋል፤ እስከ መጨረሻው ከሳባችሁት በኋላ ግን ድንገት ይቀላል። ስለዚህ የሚስበው ቀኝ እጅ ብዙም አይጎዳም። መከራው ያለው ቀስቱን ፊት ለፊት ዘርግቶ በሚይዘው ግራ እጅ ላይ ነው፤ እሱ ከተንቀጠቀጠ ፍላጻው የትም ነው የሚሄደው።

እንጀራዬ ታክሲ ነው። ኢስት ፖይንት አጠገብ፣ የኤርፖርት ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ሎት ውስጥ ከአራት ያገሬ ልጆች ጋር ስንት ዓመት አብሬ ቆሜያለሁ። አንደኛው በዕድሜ የሁላችንም ታላቅ ስለሆኑ ጋሼ እንላቸዋለን። አንዱ ቀልደኛ ነው፣ አፉ አያርፍም። አንዱ ደግሞ ዝምተኛ፣ ጠዋት ሰላም ካለ እስከ ማታ የሚበቃው። የመጨረሻው እዚሁ አትላንታ ያደገ ጎረምሳ ነው፤ አማርኛውን ከእንግሊዝኛ እየለወሰ ያወራል። የመጀመሪያዋን አጋዘን የጣልኩ ሰሞን ይበላል አይበላም ብለው መኪናቸው ላይ ተደግፈው ሲከራከሩ ዋሉ። "በስመ አብ ብለሽ ነው የተኮስሽው?" አለኝ ቀልደኛው። ብዬ ነው፣ ደርሼም ባርኬ ነው ያረድኳት አልኩት። ሰኮናዋ ስንጥቅ ነው፣ ታመሰኳለች፣ ምን ቀራት? ጥብሱ በሽንኩርትና በቃሪያ ሲቀርብ ክርክሩ ቀረ፤ ለኔ ለባለቤቷ እንኳ በቅጡ አልተረፈኝም።

ከዚያ ታመምኩ። የጡት ካንሰር ነው፣ በግራ በኩል። ሰው "ያ በሽታ" እያለ ስሙን ይሸሽገዋል፤ እኔ ግን ስሙን እጠራዋለሁ፣ እሱ እኔን መቼ አፈረኝ? ሰርጀሪ ተደረግሁ፤ ከብብቴም ሥር ዕጢዎች አወጡ። መድኃኒቱ ተከተለ። ያን ሁሉ ጊዜ አራቱ ልጆች ተራቸውን እየጣሉ ሆስፒታል አመላለሱኝ። ታክሲ ነጂ ተራውን ጣለ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስንቱን ሰው አመላልሼ እኔ በሰው መኪና ኋላ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበርና መጀመሪያ ላይ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። እነሱ ግን ኩርፊያዬንም ችለው ወሰዱኝ። ባለውለታዎቼ ናቸው፤ ይህን በሕይወት ሳለሁ ጮክ ብዬ መናገር ስለምፈልግ ነው የምጽፈውም።

ዶክተሩ በመጨረሻ "ጨርሰሻል፣ ንጹሕ ነሽ" አለኝ። አላመንኩትም። ግራ ክንዴ የወተት ጋሎን ከፍሪጅ አያወጣም፤ ፀጉሬን ለማሰር እንኳ አልነሣ ይለኛል፤ ታዲያ ምኑ ነው ያለቀው? አንድ ቀን ከሐኪም ቤት ስንመለስ ለጋሼ እንዲህ አልኳቸው። "ይህ እጅ ቀስቴን ዘርግቶ እስኪይዝ ድረስ እኔ ከሞት ተርፌያለሁ ብዬ እንቅልፍ አይወስደኝም።" የቀስት አደን የሚከፈተው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ቴራፒስቷም ቀስ ብለሽ፣ ቀላል ነገር እያነሣሽ ከሆነ ትችያለሽ ብላኛለች። ጋሼ መስተዋቱን አይተው ዝም አሉ። የሳቸው ዝምታ ግን ዝም ማለት አይደለም፤ በማግስቱ ሎቱ በሙሉ ሰምቶታል።

ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት በነበረው ቅዳሜ አራቱም በአንድ መኪና መጥተው ደጄ ላይ ፓርክ አደረጉ። እያንዳንዱ የየራሱን ጥቅል ይዟል። ለየብቻቸው ሱቅ ገብተው ነው የገዙት፤ አንዱ ሌላውን አላማከረ፣ ቀስት የሚያውቅ ደግሞ ከመሃላቸው አንድም የለ። ጋሼ ያመጡት ማነጣጠሪያ ነው፤ አምስት ነጥብ ያለው፣ መብራት የተገጠመለት፣ ብረቱ የሚያስፈራ። ባለቤታቸውም ትንሽ የእመቤታችን ሥዕል ልከውልኛል። ቀልደኛው ቀስቱ እንዳይወላገድ ከፊት ለፊቱ የሚተከል ረጅም ዘንግ አመጣ፤ ጫፉ ላይ ድብልብል ክብደት አለው። "አንቴና ነው፣ ያገር ቤት ጣቢያ ይስብልሻል" አለኝ። ጎረምሳው የስልክ ማሰሪያ ነው የገዛው። ታክሲ ነጂ አይደል፣ ሌላ ምን ይታየው! "ላይክ፣ ስትተኩሺ ቪዲዮ ታደርጊዋለሽ" አለ። ዝምተኛው ከቀስቱ ጎን የሚታሰር የፍላጻ መሰኪያ፣ ከነፍላጻዎቹ፣ ሰጠኝና "ያንስ ይሆን እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኛ መቼም ስጦታ ጎደሎ ሲሆን ያመናል። በረንዳዬ ላይ መፍቻ ይዘው ተረባረቡ፤ ብሎን ወደቀ፣ ተፈለገ፣ ተጨቃጨቁ። ሲጨርሱ ቀስቴ ለሠርግ የተሸለመች መኪና መስላ ነበር። ሥዕሏን ጋሼ በእጃቸው መያዣው አጠገብ ለጠፉልኝ። ለፎቶ አንሺው አሉኝ፤ በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አቅፌ ተነሣሁ። አለቀስኩ፣ መረቅኋቸው፣ በልተው ሄዱ።

ከሄዱ በኋላ ጓሮ ገብቼ በግራ እጄ ልዘረጋው ሞከርኩ። ወገቤ ድረስ መጣና ቆመ። እንደገና ሞከርኩ፤ ክንዴ ተንቀጠቀጠና ቀስቱ ጉልበቴ ላይ ወደቀ።

ያከበደሽን ዕቃ ፈትተሽ መሳቢያ ውስጥ አትከቺውም ወይ የሚለኝ ይኖራል። ይሉኝታ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ሎት በሄድኩ ቁጥር ጋሼ "መብራቷ ትበራለች?" ይሉኛል፤ "እንዴታ ጋሼ" እላለሁ። ቀልደኛው ስለ አንቴናው፣ ጎረምሳው ስለ ቪዲዮው ይጠይቀኛል። ዝምተኛው አይጠይቅም፤ ዓይኔን ዓይኔን ያየኛል፣ እሱ ይብሳል። የማንን ፈትቼ የማንን ልተው? ስታመም ተራቸውን የጣሉልኝ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም እንደተሸከምኩ በየቀኑ ጓሮ እየወጣሁ ከቀስቱ ጋር ትግል ያዝኩ። ክንዴ አበጠ። ቴራፒስቷ ስታየው ፊቷ ተለዋወጠ፤ በዚሁ ከቀጠልሽ እብጠቱ አብሮሽ ይኖራል፣ ያኔ ቀስቱንም እርሺው አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። በሽታው ያልወሰደውን እጅ እኔው በገዛ አጉል ጨዋነቴ ልጥለው ነው ብዬ ፈራሁ።

በፍልሰታው አጋማሽ ጋሼ ባለቤታቸው የሠሩትን ሽምብራ አሳ ይዘው መጡ። ደወሉን ቢደውሉ ስላልሰማሁ በጎን ዞረው ጓሮ ሲገቡ ቀስቱን ታቅፌ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኙኝ።

"ምን ሆነሻል?" አሉኝ።

"ምንም አልሆንኩ።"

"ክንድሽን አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። ያኔ የያዝኩት ሁሉ ፈነዳ። "ከበደኝ ጋሼ፣ ከበደኝ። ስጦታችሁ ሊገለኝ ነው። መብራቱም፣ አንቴናውም፣ ያ ጎረምሳ ያመጣው ስልክ ማሰሪያም። አጋዘን ላድን ነው ወይስ ኡበር ልነዳ ነው?"

ጋሼ ቀስቱን ተቀበሉኝና እኔ እንደማደርገው በግራ እጃቸው ፊት ለፊት ዘረጉት። ትንሽ ቆየት ሲሉ ክንዳቸው ተንቀጠቀጠ። አወረዱት።

"ይህን ነው ስታነሺ የከረምሽው?"

"አዎ።"

"ለምን አልነገርሽንም?"

"ምን ብዬ ጋሼ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ብለው ይናገሩ ነበር?"

ይሉኝታን ከኔ የበለጠ ያውቁታል። በረንዳው ላይ ተቀመጡና "መፍቻ አምጪ" አሉኝ። መጀመሪያ የፈቱት የራሳቸውን ማነጣጠሪያ ነው። የርስዎ እንኳ ይቅር ብዬ እጃቸውን ብይዝ፣ "ዋናው ከባድ የኔ ነው፣ ልቀቂኝ" አሉ። የሌሎቹን አልነኩም። "ያሰረው ይፍታው" ብለው ስልካቸውን አወጡ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሦስቱም ከጋሼ ጋር ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ። ጋሼ ምን ብለው እንደነገሯቸው አላውቅም፤ ዓይናቸውን ሰብረው ነው የገቡት። እኔም አፈርኩ። ቀልደኛው ክንዴን ሲያይ መፍቻውን አነሣ። ዘንጉን መንቀል ሲጀምር፣ "ሲግናልም የለውም እኮ" አለ ቀስ ብሎ፣ እኔም ሳቅሁለት። ጎረምሳው "ማይ ባድ፣ ሪሊ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" እያለ ማሰሪያውን ፈታ። የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስንደርስ ሁላችንም እጃችንን ሰበሰብን። "እሷን ተዋት" አሉ ጋሼ፣ "እሷ አትከብድም።"

ዝምተኛው የፍላጻ መሰኪያውን ፈትቶ ፍላጻዎቹን አወጣና የት እንደሚያደርጋቸው ቸገረው። መሬት ላይ ሊያኖራቸው አልፈለገም፤ በእጁ ይዟቸው ቆመ። እኔ አንድ ነጥብ ብቻ ያላትን አሮጌ ማነጣጠሪያዬን መልሼ ገጠምኩ። ገመዱ ሲሳብ እንዳይከብደኝም ብሎኖቹን አስቀድሜ አላልቼ ነበር።

ያን መጸው ጫካ ገብቼ አጋዘን ጣልኩ አልጣልኩም ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ጥብሱን የበሉትን ጠይቅ እለዋለሁ። ስለ አዳኝነቴ ሳስብ ግን ቶሎ ፊቴ የሚመጣው ጫካው አይደለም፣ ያ እሑድ ነው። ጓሮው ጫፍ ላይ የስፖንጅ ዒላማ አለ፤ ከጀርባው የአፈር ቁልል። አራቱ ከኋላዬ ሆኑ። እጄን ወደ ዝምተኛው ዘረጋሁ፤ ፍላጻ ሰጠኝ።

በስመ አብ ብዬ ግራ እጄን ዘረጋሁ። ቀስቱ ወገቤ ላይ አልቆመም፤ ትከሻዬ ድረስ መጣ። ገመዱን ሳብኩ። ታገለኝ፣ ብብቴ ሥር ያለው ጠባሳ ተወጠረ፤ ከዚያ ድንገት ቀለለልኝ። ክንዴ እንደተዘረጋ ነው። ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልወደቀም። አምላኬ ሆይ ተመስገን እያልኩ ለቀቅሁት።

ፍላጻው ከዒላማው በላይ አልፎ አፈሩ ውስጥ ተሰካ። ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አይዞሽ አላለኝ። ዓይኔን ከዒላማው ሳልነቅል፣ ሳልዞር፣ ቀኝ እጄን ወደ ኋላ ዘረጋሁ። ሁለተኛው ፍላጻ መዳፌ ላይ ተቀመጠ።